ጦርነቱ የጀመረው መቼ ነው? የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ዘመንና የ1947ቱ የሰላም ውል አንቀጽ 38

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ ዝግጁ ነው፤ ጀርመን ፖላንድን የወረረችበት ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939። ይህ ለአውሮፓ ትክክለኛ መልስ ነው። ከአውሮፓ ወጣ ሲባል ግን መልሱ ይለያያል። በቻይና ጦርነቱ ለረጅም ጊዜ ሲቆጠር የኖረው በቤይጂንግ አቅራቢያ በማርኮ ፖሎ ድልድይ ተኩስ ከተከፈተበት ከጁላይ 1937 ጀምሮ ነበር፤ በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጻሕፍት መነሻውን ወደ 1931፣ ማለትም ጃፓን በማንቹሪያ ላይ ጦር ወዳዘመተችበት ዓመት እንዲመልሱት አዘዘ። ሶቭየት ኅብረት «ታላቁ የአርበኝነት ጦርነት» ብላ የሰየመችው ከጁን 1941 ይጀምራል። ለአሜሪካውያን ጦርነቱ ፐርል ሃርበር የተደበደበበት ዲሴምበር 1941 ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኦቨሪም በ2021 ባሳተመው ሰፊ ሥራ ታሪኩን ከ1931 እስከ 1945 ዘርግቶ አቅርቦታል።

የመነሻ ቀን ምርጫ የተጠያቂነትም ምርጫ ነው። መነሻው 1939 ነው የሚል ሰው የጦርነቱን ምክንያት በዋናነት በርሊን ውስጥ ይፈልጋል፤ 1931 የሚል ቶኪዮን ይጨምራል፤ 1935 የሚል ደግሞ ከሮማ ጋር ለንደንን፣ ፓሪስንና ጄኔቭን ለጥያቄ ያቀርባል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የመጨረሻውን ነው። በአገራችን የታሪክ ትምህርት የአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ጊዜ በተለያዩ ምዕራፎች፣ እንዲያውም በተለያዩ ኮርሶች ይሰጣሉ፤ ተማሪውም ሁለቱን የሚያገናኘውን ክር ራሱ እንዲፈልግ ይተዋል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የኢጣሊያን ወረራ ለዓለም ጦርነቱ «መቅድም» ብቻ አድርጎ ማየት በቂ አይደለም፤ የዓለም ጦርነት በመረብ ወንዝ ተጀመረ ማለትም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። ለኢትዮጵያ ግን ከ1935 እስከ 1941 የነበረው አንድ ጦርነት ነው፤ ለዚህም በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ሕጋዊ ድጋፍ ይሰጣል። (ሰነዶቹ ዓለም አቀፍ ስለሆኑ ዘመኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ዓ.ም. የሚል ምልክት ያለበት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

አንቀጹ የሚለው

አሸናፊዎቹ መንግሥታት ከኢጣሊያ ጋር ያደረጉት የሰላም ውል ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በፓሪስ ተፈረመ። ከአንቀጽ 33 እስከ 38 ያለው ክፍል ኢትዮጵያን ይመለከታል። ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነጻነት ትቀበላለች፤ በአገሪቱ የነበራትን መብትና ጥቅም ትተዋለች፤ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ የወሰዳቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ንዋያተ ቅድሳት፣ መዛግብትና ታሪካዊ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ትመልሳለች። አንቀጽ 38 በጣም አጭር ነው። ኢጣሊያ ወይም ዜጎቿ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙትና ኃላፊነት ለሚያስከትል ማንኛውም ድርጊት የውሉ ድንጋጌዎች ተፈጻሚ የሚሆኑት ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ይላል።

በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንቀጹ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዚያ ቀን ጀመረ አይልም። የሚለው፣ የኢጣሊያ ኃላፊነት በኢትዮጵያ በኩል ሲቆጠር መነሻው ያ ቀን ነው። ነገር ግን የሰላም ውል የሚዘጋው ጦርነትን ነው፤ ይህ ውል ደግሞ የሚዘጋው ጦርነት ለሁሉም ወገን በአንድ ቀን እንዳልጀመረ በራሱ ቃል ያሳያል። ኢጣሊያ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀችው ጁን 10 ቀን 1940 ነው፤ ስለ አልባኒያ ሲናገር ውሉ ኤፕሪል 1939ን ይጠቅሳል፤ ስለ ኢትዮጵያ ሲናገር ኦክቶበር 1935ን። በአንድ ሰነድ ውስጥ ብዙ መነሻዎች ተቀምጠዋል። ለታሪክ አጥኚ ይህ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የጊዜ ሰሌዳ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ይመስለኛል።

ከመረብ እስከ ራይንላንድ

በኦክቶበር 3 ቀን 1935 (መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) የጄኔራል ደ ቦኖ ጦር ጦርነት ሳይታወጅ መረብን ተሻገረ። የወረራውን ምክንያት ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወደ ዐድዋ ድል ይኬዳል። የበቀሉ ስሜት እውነት ነበር፤ ዳሩ ግን አርባ ዓመት የቆየ ስሜት ለምን በ1935 ጦር ሆኖ ተነሣ የሚለውን ጥያቄ ብቻውን አይመልስም። ጊዜውን የወሰነው በአውሮፓ የነበረው የኃይል ሚዛን ነው።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ፈረንሳይና ብሪታንያ ኢጣሊያን ይፈልጓት ነበር። በጁላይ 1934 የኦስትሪያው መሪ ዶልፉስ በናዚዎች ሲገደል ጦሩን ወደ ብሬነር መተላለፊያ አስጠግቶ ጀርመንን ያስጠነቀቀው ሙሶሊኒ ነበር። በጃንዋሪ 1935 የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫል ሮማ ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማ፤ ሙሶሊኒም ስምምነቱን በኢትዮጵያ ላይ እንዳሻው እንዲያደርግ የተሰጠው ፈቃድ አድርጎ ተረጎመው። በኤፕሪል ሦስቱ መንግሥታት በስትሬሳ ተሰብስበው ጀርመንን የሚቃወም የጋራ መግለጫ አወጡ፤ እንጠብቀዋለን ያሉት ሰላም ግን የአውሮፓ ሰላም ነበር፤ ኢትዮጵያ አልተነሣችም። የወልወል ግጭት ከተፈጸመ ገና አምስት ወር አልሞላውም፤ የኢጣሊያ ጦርና ስንቅም በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይጓጓዝ ነበር። በጁን ብሪታንያ ከአጋሮቿ ጋር ሳትመክር ከጀርመን ጋር የባሕር ኃይል ስምምነት ስትፈራረም የስትሬሳው አንድነት ከውስጡ መላላቱ ታየ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው ይታወቃል፤ ክርክሩ ያለው በትርጉሙ ላይ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት የከፈተች አገር ብሎ ወሰነ፤ በጉባኤው ከነበሩት 54 መንግሥታት 50ው ተስማሙ። ማዕቀቡ ከኖቬምበር 18 ጀምሮ ጸና። ጦርነቱን ሊያስቆሙ የሚችሉት ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰልና ብረት ግን በዝርዝሩ አልገቡም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው እንደ ጻፈው፣ ሙሶሊኒ ከዓመታት በኋላ ማዕቀቡ ነዳጅን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ኢትዮጵያን ለቅቄ እወጣ ነበር ብሎ ለሂትለር ተናግሯል። በዲሴምበር የብሪታንያው ሳሙኤል ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን ግዛት ለኢጣሊያ የሚቆርስ ዕቅድ በስውር አዘጋጁ፤ ዕቅዱ በፈረንሳይ ጋዜጦች ሲጋለጥ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ማዕቀቡ ኢትዮጵያን ለማዳን የማይበቃ፣ ኢጣሊያን ለማስቀየም ግን የሚበቃ ሆኖ ቀረ።

የዚህ ውጤት በአውሮፓ የታየው በፍጥነት ነው። በጃንዋሪ 1936 ሙሶሊኒ ኦስትሪያ የጀርመን ጥገኛ ብትሆን እንደማይቃወም ለጀርመን አምባሳደር አሳወቀ። በማርች 7 ቀን ሂትለር ጦሩን ወደ ራይንላንድ አስገባ። እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባል፦ በ1925 የሎካርኖ ውል መሠረት የዚያን ድንበር ሁኔታ በዋስትና የያዙት ሁለት መንግሥታት ብሪታንያና ኢጣሊያ ነበሩ። ራይንላንድ በተያዘ ጊዜ ከሁለቱ ዋሶች አንዷ ሌላዋን በማዕቀብ ትቀጣ ነበር። ሁለቱ በአንድነት ይነሣሉ ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሂትለርም አልጠበቀም። በኦክቶበር ጀርመን የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ግዛት ዕውቅና ሰጠች፤ የሮማና የበርሊን «ዘንግ» የተባለውም በዚያው ወቅት ተመሠረተ። ማርች 1938 ኦስትሪያ ወደ ጀርመን ስትጠቃለል በብሬነር የተንቀሳቀሰ የኢጣሊያ ጦር አልነበረም።

ይህን ሰንሰለት አጥብቆ መሳብ ግን አደጋ አለው። የጀርመን መስፋፋት በኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ዓላማው ቀድሞም ነበር። እንዲያውም ጀርመን በ1935 ኢጣሊያ በአፍሪካ ተጠምዳ እንድትቆይ ስትል ለኢትዮጵያ በስውር የጦር መሣሪያ ሰጥታለች። ወረራው ያደረገው ነገር፣ ያንን መስፋፋት ሊገቱ ይችሉ የነበሩትን ሦስት መንግሥታት ማለያየቱና የጋራ ደኅንነት የሚባለውን ሥርዓት ባዶነት በሁሉም ፊት መግለጡ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን ባሰሙ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ማዕቀቡ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ትንሽ መንግሥት በማኅበሩ ላይ ተስፋ የሚያሳድርበት ምክንያት አልነበረውም።

ያልተቋረጠው ጦርነት

መነሻውን ወደ 1935 መመለስን የሚቃወሙ ምሁራን ጠንካራ ነጥብ አላቸው። በ1935 ሌላ መንግሥት ጦር አላነሣም፤ ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሜይ 5 ቀን 1936 (ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.) ስትይዝ ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ በሴፕቴምበር 1939ም ኢጣሊያ ከጦርነቱ ውጭ ቆየች። በሁለቱ መካከል የአራት ዓመት ክፍተት ካለ አንዱን የሌላው ክፍል ማድረግ አይቻልም ይላሉ።

ክፍተቱ ያለው ግን ከሮማና ከለንደን ሲታይ ነው። ከሸዋ፣ ከጎጃም ወይም ከጎንደር ሲታይ ክፍተት የለም። ኢጣሊያ በ1925 የፈረመችውንና በ1928 ያጸደቀችውን የጄኔቭ ፕሮቶኮል ጥሳ ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የተጠቀመችበት የመርዝ ጋዝ በማይጨው አላበቃም፤ በአርበኞች ላይም ውሏል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ጦርነቱ አበቃ ከተባለ በኋላ የሆነ ነው። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም ሲዋጉ የቆዩት በ1936 እና በ1940 መካከል ባሉት «የሰላም» ዓመታት ነው። ኢጣሊያም ይህን ታውቅ ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካ የነበራት ብዙ ጦር የሚጠብቀው ከውጭ ወራሪ ሳይሆን ከአገሬው አርበኛ ነበር።

ክፍተቱን የፈጠረው ሕጋዊ ዕውቅና ነው። ብሪታንያ ከኢጣሊያ ጋር በኤፕሪል 1938 ተስማምታ በኖቬምበር የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀበለች። ዩናይትድ ስቴትስ፣ ሶቭየት ኅብረትና ሜክሲኮ ዕውቅና ከነፈጉት ጥቂቶች መካከል ነበሩ። የዚህ ዕውቅና ዋጋ በኋላ ታይቷል። ሙሶሊኒ በጁን 1940 ጦርነት ሲያውጅ ለንደን ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ሱዳን ብትልክም አቋሟን በይፋ ያሳወቀችው በፌብሩዋሪ 1941 ኢደን በፓርላማ በሰጡት መግለጫ ነው፤ ይህም ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን ድንበር በኦሜድላ ከተሻገሩ በኋላ ነበር። አገሪቱ ነጻ ስትወጣም የብሪታንያ ሹማምንት «ከጠላት የተያዘ ግዛት» በሚል አስተዳደር ሥር አደረጓት። ከጠላት የተያዘ የተባለው መሬት የማን ነበር? መነሻው 1940 ከሆነ የኢጣሊያ፤ መነሻው 1935 ከሆነ የኢትዮጵያ። የዘመን ወሰን ክርክር የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ጉዳዩ በከፊል የተስተካከለው በጃንዋሪ 31 ቀን 1942 ስምምነት ሲሆን ሙሉ በሙሉ የተቋጨው ገና ከዓመታት በኋላ፣ ኦጋዴንና ሐውድ ሲመለሱ ነው።

በ1941 የተደረገው ዘመቻ ሁለቱን ጦርነቶች በግልጽ አገናኘ። ለከረን ከፌብሩዋሪ እስከ ማርች 27 ከተዋጉት የሕንድ ክፍለ ጦሮች አንዱ ከግብፅ በረሃ የመጣ ነበር፤ ከደቡብ የገባው ጦር ደቡብ አፍሪካውያንን፣ ናይጄሪያውያንን፣ የወርቅ ጠረፍንና የምሥራቅ አፍሪካን ወታደሮች የያዘ ነበር። በጎጃም አርበኞች ከንጉሠ ነገሥቱና ከዊንጌት ጦር ጋር ተሰለፉ። ምጽዋ በኤፕሪል 8 ስትያዝ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሦስት ቀን ውስጥ ቀይ ባሕር የጦር ቀጣና መሆኑ ቀርቷል ብለው አወጁ፤ የአሜሪካ መርከቦችም ዕቃ ጭነው በቀጥታ ወደ ስዊዝ እንዲሄዱ በሕግ ተፈቀደላቸው። ይህን ውጊያ እንደ ዳር ጉዳይ የሚያዩ የጦርነቱ ጠቅላላ ታሪኮች ለሰሜን አፍሪካ ግንባር የሰጠውን ጥቅም ይዘነጉታል። የዓለም ጦርነቱን አንድ ምንጭ እንዳለው ወንዝ ሳይሆን እንደ ዓባይ፣ ብዙ ገባሮች በየጊዜው እንደተቀላቀሉበት ብናየው ይሻላል። ከመረብ የተነሣው ገባር ዋናውን ወንዝ የተቀላቀለው በ1940 ነው፤ መፍሰስ የጀመረው ግን በዚያ ቀን አይደለም።

ቀኑ ያስከተለው

ኢትዮጵያ በ1942 የተባበሩት መንግሥታትን መግለጫ ተቀብላለች፤ በ1945ም በሳን ፍራንሲስኮ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆናለች። ሆኖም በ1943 በለንደን የተቋቋመው የጦር ወንጀል ኮሚሽን አባል እንድትሆን አልተጋበዘችም። የተሰጠው ምክንያት የኮሚሽኑ ሥልጣን በ1939 በጀመረው ጦርነት ላይ የተወሰነ ነው የሚል ነበር። ከምክንያቱ ጀርባ ሌላ ጉዳይ አለ። በሴፕቴምበር 1943 በኢጣሊያ ስም ከአሸናፊዎቹ ጋር የተኩስ ማቆም ውል ያደረገው መንግሥት መሪ ማርሻል ባዶሊዮ ነበር፤ በ1936 በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ ያዘነበውን ጦር ያዘዘውም እርሱ ነው። ለአሸናፊዎቹ መነሻውን 1939 ማድረግ ይመቻቸው ነበር፤ 1935 ቢሉ አጋራቸው ተከሳሽ ይሆን ነበርና።

የቶኪዮው ፍርድ ቤት ነገር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይገርማል። በዚያ የቀረበው ክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1928 ጀምሮ የተፈጸመውን ድርጊት ይሸፍን ነበር፤ ማንቹሪያም በክሱ ውስጥ ገባች። ስለዚህ ከ1939 በፊት ወደ ኋላ መመለስ በሕግ አይቻልም ነበር የሚለው ክርክር አያስኬድም። ለእስያ ተችሏል።

ኢትዮጵያ በፓሪስ ያቀረበችው የካሳ ጥያቄ ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ በሕይወት የደረሰውን ጥፋት 760,300 ብላ ዘርዝራለች። ይህ ቁጥር ለድርድር የቀረበ በመሆኑ በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል፤ በውስጡ በውጊያ የሞቱት፣ በሞት የተቀጡትና በችግር ያለቁት ተለያይተው መቅረባቸው ግን ለአጥኚ ጠቃሚ ነው። ውሉ የፈቀደላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105፣ ለሶቭየት ኅብረት 100 ሚሊዮን ተወስኗል። በአቶ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተመራው ልዑክ በገንዘቡ ያላገኘውን በቀኑ አግኝቷል ማለት ይቻላል። አንቀጽ 45 ኢጣሊያ በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን ይዛ እንድታስረክብ ያስገድዳል፤ ከአንቀጽ 38 ጋር ሲነበብ ግዴታው እስከ 1935 ይመለሳል። በዚህ መሠረት ኢትዮጵያ በ1948 መጀመሪያ ዐሥር ሰዎችን የሚመለከት ክስ ለኮሚሽኑ አቀረበች፤ ኮሚሽኑም በባዶሊዮና በግራዚያኒ ላይ ለክስ የሚያበቃ ጉዳይ እንዳለ ተቀበለ። በዚያው በማርች መጨረሻ ኮሚሽኑ ሥራውን አቁሞ ተበተነ። ጉዳዩን የሚቀበል ፍርድ ቤት አልነበረም። ግራዚያኒ በ1950 በኢጣሊያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ አልተጠየቀም፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። ባዶሊዮ ከቶ አልተከሰሰም፤ በ1956 ሲሞት የትውልድ መንደሩ ግራዛኖ ስሙን ተጨማሪ ስሟ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ዛሬም ይዛለች።

በ1956 በተደረገው የኢጣሊያና የኢትዮጵያ ስምምነት የካሳው ጉዳይ ተዘጋ፤ በካሳው ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 ሥራ ጀመረ። የቅርሱ ግዴታ ግን ረዘመ። በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ በሮማ የተተከለው ሐውልት በአንቀጽ 37 መሠረት ውሉ ከጸናበት ከሴፕቴምበር 1947 በ18 ወር ውስጥ መመለስ ነበረበት። አክሱም የደረሰው በኤፕሪል 2005 ነው፤ በቦታው የቆመው በ2008።